ወለሉን ሲሚንቶ ካስደረግኩ በኋላ ግልገሎቼ ለምን ሞቱ?

ቢሾፍቱ ዳር ላይ አሳማ ማርባት ስጀምር የቤታቸው ወለል አፈር ነበር። ክረምት ሲገባ ይጨቀያል፤ ግልገሎቹን ተቅማጥ ያጣድፋቸዋል። ገንዘብ አጠራቅሜ ሁሉንም ክፍል ሲሚንቶ አስደረግኩ። በየቀኑ ይታጠባል፣ ይደርቃል። እፎይ አልኩ።

በአዲሱ ወለል ላይ የመጀመሪያዋ እናት 11 ወለደች። ሁለት ሳምንት ሁሉም ደህና ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ትልልቆቹ፣ ደህና አድርገው የሚጠቡት፣ ትንሽ ሲሮጡ ማለክለክ ጀመሩ። አንዱን አንስቼ ጆሮውን ወደ ፀሐይ ሳደርገው ገርጥቷል፤ ደም ያለበት አይመስልም። በማግስቱ ሞቶ አገኘሁት። ከዚያ ሁለት ተከተሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ድዳቸውን አየና "የብረት መርፌ ወግተሃቸዋል?" አለኝ። አልወጋሁም። እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ብረት ሰውነት ደም የሚሠራበት ማዕድን ነው፤ ግልገል አሳማ ሲወለድ በሰውነቱ ያለው 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን 7 ያህል ይፈልጋል፤ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው ግን 1 ቢሆን ነው። የጎደለውን አፈር እየጫረ ያገኝ ነበር። ያንን አፈር የደፈንኩት እኔ ነኝ። ቶሎ የሚያድገው ደግሞ ያለችውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ወፍራሞቹ የቀደሙት ለዚህ ነው። በጣም አዘንኩ።

አሁን በተወለዱ በሦስተኛው ቀን እያንዳንዳቸውን 200 ሚሊግራም ብረት አንገታቸው ላይ አስወጋለሁ። ቀኑን በሩ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ እንዳይረሳ።

ሲሚንቶ ሌላም ጣጣ አለው፤ ይቀዘቅዛል። አዲስ የተወለደ ግልገል ከ32 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከበረደው እናቱ ሥር ይወሸቃል፤ ስትተኛ ትጫነዋለች። ስለዚህ አንድ ጥግ በእንጨት ከልዬ ጭድ አነጠፍኩ፣ አምፖል ሰቀልኩ። መብራት ሲጠፋ ጭዱን አበዛለሁ።

የበረደው ግልገል ጡትም አይጎትትም። አሳማ ደግሞ በሽታ መከላከያውን በማህፀን ሳይሆን በእንገር ነው የሚያገኘው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካለፉ ብዙ አይረዳውም። እናቲቱ ከወንዱ ጋር ከተገናኘችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን እቆጥርና የዚያን ሌሊት እዚያው አድራለሁ። ትንንሾቹን እያነሳሁ የፊተኛው ጡት ላይ አደርጋቸዋለሁ፤ ወተት የሚበዛው እዚያ ነው።

ጠዋት ጠዋት ግን መጀመሪያ የማየው ጆሮ ነው።