በካውያ የሳብኩት አራት ሴንቲ ሜትር

ልብስ በመስፋት አራት ዓመት አሳልፌያለሁ። ስድስቱ የጠረጴዛ ራነሮች ወደ ስፌት ቤታችን ሲታዘዙ ግን ኩዊልት ከጀመርኩ ገና ሰባተኛ ወሬ ነበር። አራቱን ከእኔ በፊት የጀመሩ ባልደረቦቼ ወሰዱ፤ ሁለቱ ለእኔ ደረሱ። በዚያው ሳምንት አለቃችንን፣ "እትዬ፣ ከእንግዲህ ሥራዬን በየመሃሉ ማየት አያስፈልግዎትም፣ በራሴ እችላለሁ" ብያቸው ነበር። እሳቸውም፣ "እሺ፣ በርቺ" ብለው ተዉኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ አፌን የያዘኝ ይኸው ቃሌ ስለሆነ ነው።

ራነር ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። መሃል ለመሃል በቁመቱ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። በኩዊልት ሲሠራ ሦስት ድርብርብ አለው፦ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመው ፊት፣ መሃል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከታች ገበሩ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰፉ ነው ኩዊልት የሚሆነው።

የደንበኛችን ጠረጴዛዎች ርዝመት 125 ሴንቲ ሜትር ነው። በየጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲንጠለጠል ስለተፈለገ ራነሩ 155 መሆን አለበት። አለቃችን ግን 160 አድርጋችሁ ሥሩት አሉን። ጨርቁን ሳንቆርጠው አጥበነዋል፤ የጥጡ ንጣፍ ግን አልታጠበም፤ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ይሰበሰባል። ስለዚህ 160 የሆነው ታጥቦ ሲደርቅ ወደ 155 ይመጣል። አንዱን አስቀድመን እናጥባለን፣ እሱ ካማረ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ ስድስቱም ታጥበው ነው የሚረከቡት አሉ። ደንበኛው ቤት ከሚሰበሰብ እኛ ጋ ይሰበሰብ የሚል ሰው ጋ መሥራት ዕድል ነው።

ንድፉ ቀላል ነበር። 32 ቀጫጭን ቁራጮች ጎን ለጎን ይያያዛሉ፤ እያንዳንዱ ተሰፍቶ ሲያልቅ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። በኩዊልት ከስፌቱ ወዲያ የሚተርፈው ጨርቅ ሩብ ኢንች ነው፤ በእኛ ልኬት 6 ሚሊ ሜትር ከትንሽ። በሁለቱም ጎን 6 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ እያንዳንዱን ቁራጭ በ6.2 ሴንቲ ሜትር ቆረጥኩ። አቆራረጤ ልክ ነበር፣ ዛሬም እምልበታለሁ። ማስመሪያው ላይ አንድም ቁራጭ ሳይለካ አላለፈም።

ችግሩ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። የለመድኳት መኪና በዚያ ቀን ለጥገና ተወስዳ ነበርና ሌላ ላይ ተቀመጥኩ። በእኔዋ መኪና የጨርቁን ጠርዝ፣ ጨርቁን ከላይ ከሚጫነው የመኪናው እግር ጠርዝ ጋር አስተካክዬ ከሰፋሁ ከመርፌው እስከ ጠርዙ ልክ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይኔ ይህን ለምዷል። የአዲሷ መኪና እግር ግን ሰፋ ያለ ስለነበር እስከ ጠርዙ 7 ሚሊ ሜትር ነበር። አንዲት ሚሊ ሜትር በዓይን አትታይም። እኔም አልለካሁም።

ሥራው ፈጠነልኝ። አንዱን ጥንድ ሰፍቼ ክሩን ሳልቆርጥ ሌላውን አስከተልኩ፤ ሠላሳ ሁለቱ ወደ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስቱ ወደ ስምንት፣ ከዚያ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። እንዲህ በሰንሰለት መስፋት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን መሃል ላይ ቆም ብሎ ለመለካት ምክንያት አይሰጥም። እኔ ሜትሩን ያነሳሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሁለተኛውም ራነር ከተገጣጠመ በኋላ ነው።

ከ161 ትንሽ ማለፍ የነበረበት ፊት 155 ሆኖ አገኘሁት። ሜትሩን ደግሜ ዘረጋሁ። ሁለተኛውን ለካሁ። እሱም 155።

አሁን ሒሳቡ ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ስፌት ሁለት ጨርቅ ይገናኛል፤ ከእያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ሲበላ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጠፋል። 32 ቁራጭ 31 ስፌት አለው። 31 ጊዜ 2፣ 62 ሚሊ ሜትር። ያን ዕለት ግን አላሰላሁም። ሆዴ ውስጥ የገባው ድንጋጤ ብቻ ነበር፣ ያ "በራሴ እችላለሁ" ያልኩት ቃልም ነበር፣ ጎኔ ያለችው ባልደረባዬ የራሷን ጨርሳ ወደ ገበሩ መሻገሯም ነበር።

ካውያውን አነሳሁ።

የኩዊልት ጨርቅ ካውያ ሲነካው ደንብ አለው። ልብስ እንደሚተኮስ ወዲያና ወዲህ አይገፋም፤ ካውያው ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ምክንያቱም ጥጥ ጨርቅ በድሩ በኩል ጠንካራ ቢሆንም በማጉ በኩል ይሳባል፣ በሰያፍ ከያዙት ደግሞ የባሰውን ይለጠጣል። ደንቡን አውቀዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶቼ አንዱ እሱ ነው። የእኔ ቁራጮች ድራቸው በራነሩ ስፋት፣ ማጋቸው በርዝመቱ እንዲውል ነበር የተቆረጡት፤ ስለዚህ ራነሩን በርዝመቱ ብስበው እንደሚመጣልኝ አውቄ ነው ያደረግኩት። እንፋሎቱን ከፍቼ በአንድ እጄ ጫፉን እየጎተትኩ፣ በሌላው ካውያውን ተጭኜ እየገፋሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ተመለስኩበት። ለካሁ፤ 159። ሁለት ሴንቲ ሜትር ማን ያየዋል አልኩና ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረግኩት።

የቀረውን ሥራ በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። ገበሩን ጀርባውን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ጠርዙን በፕላስተር ያዝኩት፣ ጥጡን አነጠፍኩ፣ ፊቱን ከላይ ደረብኩ። ከመሃል ጀምሬ ወደ ዳር፣ በየስምንት ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። መኪናው ላይ ላይኛውንና ታችኛውን ጨርቅ እኩል የሚስበውን እግር ገጠምኩ፣ የስፌቱን ርዝመት 3 ሚሊ ሜትር አደረግኩ፣ ከመሃል ወደ ጫፍ በቀጥታ መስመር ሰፋሁት። ጠርዙን በጥብጣብ ጠቀለልኩ፤ ማዕዘኖቹ እንኳ እንደ ፖስታ እጥፋት ሹል ብለው ወጡ። አለቃችን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና፣ "ማዕዘንሽ አምሯል" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የመናገሪያው ጊዜ ያ ነበር፤ አመስግኜ ዝም አልኩ።

ለሙከራ የሚታጠበውን ሲመርጡ ከላይ ያለውን አነሱ። የእኔ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ደርቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጠፍጣፋ አልነበረም። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ተነስተው እንደ ጀልባ ጎብጧል። ውሃው የሳብኩትን ፈትቶታል፤ ፊቱ ወደ እውነተኛ ልኩ ሲመለስ ያልተሳበው ገበር ተርፎት በየስፌቱ መሃል ተኮማትሯል። ርዝመቱ 150 እንኳ አይሞላም። ባልደረቦቼ ከበውት ንጣፉ ይሆን፣ ክሩ ይሆን እያሉ ይገምታሉ። አንዷ ንጣፉ ከእሱ ከሆነ ሁሉም ሊበላሽብን ነው ብላ የራሷን አራት ቀን ሥራ እያየች ቆማለች። እሷን ሳይ ነው ጉሮሮዬ የተዘጋው።

አለቃችን አልገመቱም። ያልታጠበውን ሁለተኛ ራነሬን አመጡ፣ ትርፍ ቁርጥራጮቼን ከቅርጫቱ አወጡ። ከመገጣጠሙ የተረፉ፣ ካውያ ያልነካቸው ሦስት የተያያዙ ቁራጮች ነበሩ። የመሃለኛውን ለኩት፤ 4.8 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ የራነሩን ለኩ፤ 5 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸውና ዝም አሉ። የአንድ እጅ ሥራ፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ልክ።

"በካውያ ስቤዋለሁ" አልኩ። "አጥሮብኝ ነበር። ሁለቱንም።"

ማንም አልተናገረም። ያቺ ባልደረባዬ ብቻ ትንፋሿን ለቀቀችው፤ ንጣፉ አይደለማ።

"ሰባት ሚሊ ሜትሩ የመኪናው ነው" አሉ አለቃችን ቆይተው። "እግሩ ሰፊ መሆኑን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፣ እሱን ለእኔ ተይው። ግን 155 ስታገኚ ለምን አልጠራሽኝም?"

"በራሴ እችላለሁ ብዬዎት ነበር።"

"መጥራትም መቻል ነው፣ ልጄ። አሁን ነይ፣ ምን ታደርጊ እንደነበር ላሳይሽ።"

ከሁሉ ያሳዘነኝ ይኸኛው ክፍል ነው። ስፌቱን ሁሉ መተርተር እንኳ አያስፈልግም ነበር። ከቆረጥኳቸው ውስጥ የተረፉ ቁራጮች ነበሩ፤ በየጫፉ አንድ አንድ ጨምሬ፣ ከልክ ያለፈውን እኩል ብቆርጥ ፊቱ ይሞላ ነበር። የሃያ ደቂቃ ሥራ። ቁራጮቹ ትንሽ ጠበብ ማለታቸውን ጠረጴዛ ላይ ማንም አያውቀውም፤ ሁሉም እኩል ጠበዋልና። እኔ ካውያውን ይዤ የቆምኩት ከዚያ በላይ ነው።

ከዚያ የሦስት ቁራጭ ሙከራውን አስተማሩኝ፤ ኩዊልት ለሚጀምር ሁሉ ከመቀስ ቀጥሎ ቢሰጠው የምመኘው ነው። በ6.2 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ ሦስት ቁራጮች ይሰፋሉ፣ ካውያ እየተቀመጠ እየተነሳ ይተኮሳሉ፣ ከዚያ የመሃለኛው ብቻ ይለካል። ልክ 5 ካልሆነ ምንም አይሰፋም። መርፌው ይንቀሳቀሳል ወይም መኪናው ላይ የተለጠፈው የፕላስተር መስመር ይዛወራል፣ ሌላ ሦስት ቁራጭ ይሰፋል። እኔ 5 እስካገኝ ሦስት ጊዜ ሰፋሁ። መርፌውን ልክ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ሳደርገው እንኳ ጎደለ፤ ጨርቁ ስፌቱ ላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ጥቂት ይበላል። ስለዚህ ከ6 አንድ ሁለት ክር ያህል ጠበብ አድርጎ መስፋት ይፈልጋል። ይህን በቃል ሰምቼው አውቃለሁ፤ በእጄ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

አለቃችን ደንበኛውን ደውለው ሁለት ቀን ጨመሩ። ምክንያቱን ሲነግሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ "ሁለቱ ልክ ስላልሆኑ እንደገና እየተሠሩ ነው" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። የበላሁትን ጨርቅ ከደሞዜ እንዲቆርጡት ጠየቅኩ፣ አልተስማሙም። የጎበጠውን ራነር ጠርዙን ተርትረን፣ ቆራርጠን ለትኩስ ዕቃ ማስቀመጫ አደረግነው።

ሁለቱን አዳዲሶች ስሠራ አራት አራት ቁራጭ በተያያዘ ቁጥር ቆሜ ለካሁ። 20 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ካለው ትርፍ ጋር 21.2። አንዱ ቦታ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ጎድሎ ተረተርኩት። ቀስ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ሲያልቅ ከፊተኞቹ የዘገየሁት አንድ ሰዓት ለማይሞላ ነው።

ስድስቱም ታጥበው፣ በጠፍጣፋ ደርቀው፣ የመቁረጫው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ሜትሩን ለአለቃችን ሰጠኋቸው። መለሱልኝ።

"አንቺው ለኪ። ጮክ ብለሽ ንገሪን፣ እጽፋለሁ።"

የባልደረቦቼን አራቱን ለካሁ፤ ሦስቱ 155፣ አንዱ 155 ከሩብ። ከዚያ የእኔን። የመጀመሪያው 155 ሆነ። ሁለተኛውን ጫፉን በጣቴ ሳልይዝ፣ ሳልስብ፣ እንደተኛ ለካሁት።

"154 ከግማሽ" አልኩ።

"154 ከግማሽ" አሉና ጻፉት።