ልጁን ማን ይቀበለዋል?

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው መሃል ከተማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ "ኧረ እንዴት ትችይዋለሽ?" ነው። ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል። "ቤቱን አከራዪውና መሃል ከተማ ተከራይተሽ ኑሪ።" ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጓል፤ ምክሩም ከቅንነት ነው። እኛም ክረምቱ ሲገባ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን በቁም ነገር አሰብንበት።

በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዷ ነኝ። ያኔ ከ450 ሺህ ሰው በላይ ነው የተመዘገበው። ቤታችን ሃያ ሰማንያ ነው፤ ሃያውን ቆጥበን ከፈልን፣ ሰማንያው የባንክ ዕዳ ነው። ሰፈሩን ግን እኛ አልመረጥነውም። ዕጣ ነው። የካ አባዶ ይውጣልህ ቂሊንጦ፣ የምታውቀው ስምህ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ እንደኔ ዓይነቱ ሰው "የት ልኑር?" ብሎ የሚጠይቀው ቤት ካገኘ በኋላ ነው። ገብቶ፣ ሴራሚክ አንጥፎ፣ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ከዚያ ነው "እዚህ ልቅር ወይስ ልሂድ?" የሚለው።

የዕጣ ቤት እስከ አምስት ዓመት አይሸጥም። ማከራየት ግን ይቻላል። እኛ በምንወጣበት የፎቅ ደረጃ ላይ ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ጭራሽ አልገቡም፤ ቁልፍ በተረከቡ ማግስት አከራዩት። አንዳንዶቹ ገብተው ወጡ። አምስት ዓመቱ ሲሞላ ደላሎች በየብሎኩ መዞር ጀመሩ፣ የሸጠም ሸጠ። እኔ ይሄን ሁሉ በጥሞና ሳይ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ የሚሄደው ሥራው የራቀበት ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ከእኔ በላይ የሚርቁ አሉ። ለቡ ድረስ የሚሄድ ጎረቤት አለን፣ እስካሁን አለ። ሥራዋ ኮተቤ፣ አፍንጫዋ ስር የሆነ ልጅ ደግሞ ሄደች። አራስ ነበረች፤ እናቷ ያሉት ኮልፌ ነው።

መንገዱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ ላይ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት ጎረቤቶቼ ፐብሊክ ሰርቪስ የሚባለው የሠራተኛ አውቶቡስ አላቸው፣ መታወቂያ አሳይተው በነፃ ይሄዳሉ። እኔ የግል ድርጅት ነኝ። ከመጣ ቅጥቅጥ የምንለው መካከለኛ አውቶቡስ፣ ካልመጣ ሚኒባስ እስከ መገናኛ፣ ከዚያ ባቡር። ዝናብ ሲጥል የካራ መንገድ ይጨናነቃል። ማታ ቤት የምገባው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባለቤቴ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የጥገና ሠራተኛ ነው። መንገዱ ከእኔ ይሻላል፤ ግን ፈረቃ አለው።

ልጃችን ስድስተኛ ክፍል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አንድ ተኩል አራት ሰዓት ነው። ቤተሰብ አንድ ቦታ የሚቀረው ወይም የሚለቀው በእነዚህ አራት ሰዓታት ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ስለ ኪራይና ስለ ትራንስፖርት ያወራል። ማውራት ያለብን ግን ልጁን ማን ይቀበለዋል ስለሚለው ነው። የታመመ አባት ወይም የደከመች እናት ያለው ሰውም ያው ነው፤ እሱ በሌለበት ሰዓት ማን አለ?

የእኛን ልጅ የሚቀበሉት የብሎካችን ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። ከአራት ኪሎ አካባቢ ከቀበሌ ቤት በመልሶ ማልማት ተነስተው ነው የመጡት። በራቸው ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። ከበሩ ጀርባ አንድ ሳንቃ አለ፣ ሳንቃው ላይ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ደግሞ የጎረቤት ቁልፍ። እማማ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የክር ቁራጭ አስረዋል። የእኛው ቀይ ነው። የአራተኛ ፎቆቹ አረንጓዴ፣ የነርሷ ነጭ። ልጄ ሲመጣ ቁልፉን ዝም ብሎ አንስቶ አይሄድም። መጀመሪያ ጉልበት ስሞ ይቀመጣል። ቆሎም ይሁን የተረፈ ጨጨብሳ የቀረበለትን ይበላል። ከዚያ ሥራ አለው። የስልካቸውን መልእክት ያነብላቸዋል፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይቆጥርላቸዋል፣ ሱቅ ይላካል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የመጣ ቀን ጀሪካናቸውን ይሞላል። "አስተማሪዬ" ነው የሚሉት። እኔ ይህን ልጅ ለእሳቸው በአደራ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጎረቤት እየጠሩ "ይሄ ልጅ ባይኖር ማን ነበረኝ?" ይላሉ።

አንድ ቀን ሁለት ዕድር ለምን እንደሚከፍሉ ጠየቅኳቸው። የድሮው የአራት ኪሎ ዕድራቸው አልፈረሰም። አባላቱ ጀሞም፣ ገላንም፣ እኛም ጋ ተበትነዋል፤ በወር አንድ ቀን ግን ይገናኛሉ። እማማ ታክሲ ቀያይረው ይሄዳሉ። እዚህ ደግሞ የእኛ ብሎኮች ዕድር አባል ናቸው። "ልጄ፣ የዚያኞቹ ወጣትነቴን ያውቃሉ። እናንተ ደግሞ ሌሊት ቢያመኝ ትሰሙኛላችሁ። የቱን ልተው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ቤቱ ነገር ልመለስ። ገርጂ ሄደን አንድ ባለ አንድ መኝታ አየን። ገርጂ የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች የተሠሩበት ሰፈር ነው፣ ያስታውቃልም። ዛፉ አድጓል፣ ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ ነው፣ ካፌው፣ ፋርማሲው፣ ሁሉም በእግር ይደረሳል። በእውነት ቀናሁ። ቤቱም ጥሩ ነበር። ለእኔ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ይተርፈኛል። ደላላው ቀብድ እንድናስይዝ ቸኩሏል። እኔ ግን ሳላስበው ጎረቤቱን "ቀን ቀን ማን አለ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ኧረ ማንም፣ ሁላችንም ተከራይ ነን፣ ማታ ነው የምንገባው" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ እውነቱን ነው የነገረኝ።

ሌላም ነገር ነበር። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ለተከራይ ትልቅ ዋስትና ነው፣ እደግፈዋለሁ። እኛ ግን በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም ልንሆን ነው። የራሳችንን ቤት ለሁለት ዓመት ከሰጠን በኋላ ካልተስማማን ተመልሰን አንገባበትም። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ይደርሳል ማለት ነው። በልጅ ዕድሜ ሁለት ዓመት ብዙ ነው።

ባለቤቴ በወረቀት አስልቶታል። በገንዘብ ተመጣጣኝ ነው፤ የእኛ ቤት ኪራይ ላይ ትንሽ መጨመር ነው። በሰዓት ብንሄድ ገርጂ ያሸንፋል። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየሁትና "እነዚያን አራት ሰዓታት የት ጻፍካቸው?" አልኩት። ለልጅ ጠባቂ ብንቀጥርስ አለ። ብንቀጥር ኪራዩ ላይ ሌላ ወጪ ነው። ደግሞ የተቀጠረ ሰው ልጅ ይጠብቃል እንጂ ልጁ የሚያገለግለው፣ የሚያስፈልገው ሰው አይሆንለትም። ልጄ ቁም ነገር ያለው ሰው የሆነው እማማ ስለሚፈልጉት ነው። ይህን ደሞዝ ከፍዬ አላገኘውም።

ቀረን።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ፣ ልናገር። ቤቶቹ ሲሠሩ ቤት ብቻ ነው የታሰበው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ አስፋልቱ ሰው ከገባ በኋላ ነው እየተጎተተ የመጣው። መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው፣ ኮሚቴ ሆነው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት። አሁን "አባዶ እኮ ተለወጠ" የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በየብሎኮቹ መሃል ያለው የጋራ ቤት፣ ኮሚናል የምንለው፣ ለማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለድግስና ለሐዘን ተብሎ ነው የተሠራው። የእኛው ኮሚናል ሐዘን ሲኖር ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ተዘግቶ ይውላል። ያሳዝነኛል። ምክንያቱም እንደ እማማ ያለ ሰው የሌለው ደረጃ ብዙ ነው። እዚያ ያሉ ልጆች ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ደረጃ ላይ ነው የሚቀመጡት።

ያለፈው ስብሰባ ላይ ለብሎክ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ኮሚናሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከትምህርት በኋላ ለልጆች ማጥኛ ይሁን። ጥበቃው ቁልፉን ሊይዝ ተስማምቷል። መብራቱን ባለቤቴ ይዘረጋል። ብሎካችን ውስጥ ጡረታ የወጡ ሁለት አስተማሪዎች አሉ፤ አንደኛው ሒሳብ ላግዝ ብለውኛል፣ ሌላኛዋ እያሰቡበት ነው። ሐዘን ካለ ማጥኛው ለዚያ ሳምንት ይዘጋል፣ በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም። የቀረን ወንበር ነው። የዕድሩን አግዳሚ እንጠቀም የሚሉ አሉ፣ ይሰበርብናል የሚሉም አሉ። እሁድ እንወስናለን።