ከመታሁ በኋላ

አሰልጣኜ አንድ ማታ የተሸነፍኩበትን የባድሚንተን ጨዋታ በስልካቸው ከፈቱልኝ። «ሻትሉን አትከተዪው» አሉኝ፤ ላባ ያለውን የጨዋታውን ኳስ ማለታቸው ነው። «ራስሽን ብቻ እዪ። በተለይ ከመታሽ በኋላ።»

አየሁ። ዘልዬ ስማሽ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ኃይለኛ ምት፣ እመታለሁ። ከዚያ ድርቅ ብዬ ቆሜ ሻትሉ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። ተመልሶ ሲመጣ ክብደቴ ገና በአንድ እግሬ ላይ ነው። በአንድ ጌም፣ በጨዋታው አንድ ክፍል፣ ብቻ 14 ጊዜ ቆጠርኩ።

ያኔ 18 ዓመቴ ነበር። በታዳጊዎች ውድድር የሚደርስብኝ አልነበረም። ክንዴ ጠንካራ ስለሆነ ሁሉንም በስማሽ እጨርስ ነበር። ወደ አዋቂዎች ምድብ ሳልፍ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከሁለተኛው ዙር ማለፍ አቃተኝ። መፍትሔው ጉልበት መጨመር መሰለኝ። ክብደት አነሳሁ፣ የራኬቴን ክር አጠበቅኩ። ስማሼ ፈጠነ። እነሱ ግን መለሱት።

ለምን እንደሚመለስ ሻትሉ ራሱ ይናገራል። 16 ላባ አለው፤ ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ነው። በጥሩ ስማሽ ከራኬት ሲወጣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ላባው ግን አየሩን ስለሚይዝ ወዲያው ይዳከማል፤ ማዶ ሲደርስ አብዛኛው ፍጥነቱ የለም። ጥሩ ተጫዋች ራኬቷን አስቀድማ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ከዚያ ቀስ አድርጋ መረቡ ሥር ትጥለዋለች። እኔ ደግሞ ያለሁት ኋላ መስመር ላይ ነኝ። የነጠላ (የአንድ ለአንድ) ሜዳ ስፋቱ 5.18 ሜትር፣ የአንዱ ወገን ርዝመት 6.7 ሜትር ነው። ሲያዩት ጠባብ ነው። ሚዛኗን ለሳተች ሰው ግን ማለቂያ የለውም።

ኮች ያስረዱኝ ነገር ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። እያንዳንዱ ምት ለራስሽ ጊዜ ይሰጥሻል ወይ ይወስድብሻል። ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ጥግ ብልከው፣ ሻትሉ ገና አየር ላይ እያለ መሐል ሜዳ ደርሻለሁ። ከስማሽ በኋላ ግን መልሱ ቶሎ ይመጣል። ተንገዳግጄ የምመታው ስማሽ የሚጎዳው እኔኑ ነው።

ከዚያ ስማሽ ለ3 ወር ተከለከልኩ። በልምምድ ጨዋታም ጭምር። ሁልጊዜ የማሸንፋቸው ልጆች አሸነፉኝ። በጣም ከፋኝ፤ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ። ጠዋት ጠዋት ያለ ሻትል እንሠራለን። ኮች በእጃቸው ጥግ ይጠቁማሉ፤ እኔ ሄጄ፣ ባዶ አየር መትቼ፣ ወደ መሐል እመለሳለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ትንሿ ዝላይ ነበረች። ተጋጣሚ ሻትሉን ልትመታ ስትል ከመሬት ነጠቅ ብሎ፣ ሁለት እግርን ከፍቶ ማረፍ ነው። ያኔ ወደየትም ለመነሳት ዝግጁ ነሽ። ቶሎ ከዘለልሽ መሬት ላይ ትተከያለሽ። ከዘገየሽ ሻትሉ አልፎሻል። ይህን ከመጽሐፍ መማር የሚቻል አይመስለኝም፤ እግር ራሱ እስኪለምደው መደጋገም ብቻ ነው።

በሁለተኛው ወር አንድ ነገር ተከፈተልኝ። መሐል ላይ ቆሜ ስጠብቅ ተጋጣሚዬን ማየት ጀመርኩ። ትከሻዋን፣ የራኬቷን አያያዝ። ለካ ለዓመታት የማየው ሻትሉን ብቻ ነበር!

ጉዳት የመጣብኝ በሚቀጥለው ዓመት ነው። በግራ ኋላ ጥግ ዘልዬ መትቼ በግራ እግሬ ሳርፍ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው። ውድድር እንዳያመልጠኝ ብዬ በ3 ሳምንት ተመለስኩ። እንደገና ዞረ፤ 5 ወር ተቀመጥኩ። ስመለስ መጀመሪያ የተለማመድኩት መምታት አይደለም፣ ማረፍ ነው። ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ዝቅ አድርጎ፣ በዝግታ። ለወጣት ተጫዋቾች የምለምነው ይህንን ነው። ስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪን እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ ከእስያ ውጪ በሴቶች ነጠላ የመጀመሪያዋ ናት። በ2019 የአንድ ጉልበቷ፣ በ2021 የሌላኛው ጅማት ተበጠሰ። በ2024 ፓሪስ ላይ ግማሽ ፍፃሜውን እየመራች እያለ ጉልበቷ እንደገና ከዳት። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ወጣሁ። ማየት አልቻልኩም።

የነጥብ አያያዝም መማር ነበረብኝ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ማንም ሰርቭ ያድርግ (ሻትሉን ያስጀምር)፣ እያንዳንዱ ልውውጥ ነጥብ ነው፤ 21 የደረሰ ጌሙን ይወስዳል፤ 20 እኩል ከሆኑ ግን በሁለት ነጥብ መብለጥ አለበት። አንድ ስህተት እያብሰለሰልሽ ሦስት ነጥብ ይሄድብሻል። ማሌዥያዊው ሊ ቾንግ ዌይ በ2008ም በ2012ም የኦሎምፒክ ፍፃሜ በቻይናዊው ሊን ዳን ተሸነፈ። በ2016 ግማሽ ፍፃሜ ተገናኝተው ሊ ቾንግ ዌይ ሦስተኛውን ጌም 22 ለ 20 አሸነፈው። ያንን ጨዋታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የማየው ምቶቹን ሳይሆን በነጥብ መሐል እንዴት እንደሚራመድ ነው።

የአገሬ ሻምፒዮን የሆንኩት በ23 ዓመቴ ነው። በፍፃሜው አንድ አንድ ጌም ተካፍለን ሦስተኛውን 8 ለ 11 ተመርቼ ወገን ቀየርን። የአዳራሹ ነፋስ ከፊቴ ሆነ። ለኔ ጠቀመኝ፤ ከፍ አድርጌ ስልከው ነፋሱ ሻትሉን ይይዝልኛል፣ ከኋላ መስመር አያልፍም። እሷ ደግሞ ደጋግማ ወደ ውጪ ላከች። 20 ለ 20 ደረስን። ከዚያ 21 ለ 20 መራሁ።

በመጨረሻው ልውውጥ አጠር ያለች ኳስ ሰጠችኝ። ሚዛኔ ሙሉ ነበር። ስማሽ መታሁ። መለሰችው። እኔ ግን መሐል ላይ ነበርኩ፣ ዝላዬን ጨርሼ። ሻትሉን ወደ ባዶው ጥግ ገፋሁት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አሠለጥናለሁ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች፤ ስማሿ አዳራሹን ያናውጣል። ባለፈው ሳምንት ስልኬን አወጣሁና ጨዋታዋን ቀረፅኩ። አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩላት፤ «ሻትሉን አትከተዪው» አልኳት።