ቮልቴጁ ሲወርድ ብልሽት መስሎኝ ነበር

የፕሮሰሰሬን ፍጥነት ወደ 4.7 ጊጋኸርዝ ከፍ አደረግኩና ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ 1.30 ቮልት ብዬ ጻፍኩ። ፕሮሰሰሩን በከባድ ሥራ የሚያስጨንቀውን የመፈተኛ ፕሮግራም ሳስነሳ ግን የማየው 1.21 ነው። ፈተናውን ሳቆም ተመልሶ 1.30 ይሆናል። ያዘዝኩትን የማይሰጥ ማዘርቦርድ ምን ይረባል ብዬ ተናደድኩ፤ በንዴትም ቮልቴጁን 1.38 አደረስኩት። ሙቀቱ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ገባ፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ቀነሰ። ለነገሩ የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ የሚያድገው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ 6 በመቶ ገደማ የጨመርኩት ቮልቴጅ ብቻውን ፍጆታውን 13 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ያሰላሁት ግን ከተናደድኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር መቀያየሩን ትቼ፣ ቮልቴጁን የሚያዘጋጀው ክፍል፣ ማለትም መቆጣጠሪያው፣ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት የጀመርኩት። ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው 12 ቮልት ነው። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደሩት ትናንሽ ኩብ መሳይ ጥቅልሎችና ከብረት ማቀዝቀዣው ሥር የተደበቁት ትራንዚስተሮች ይህን 12 ቮልት በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ ወደ 1 ቮልት አካባቢ ያወርዱታል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ደግሞ የቀረውን መንቀጥቀጥ ያለዝባሉ።

በሥራ ሰዓት የቮልቴጁ መውረድ ብልሽት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መቆጣጠሪያው 1 ሚሊኦም ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ተቃውሞ) እንዳለው ሆኖ እንዲሠራ ከተደረገ፣ ፕሮሰሰሩ 90 አምፔር ሲስብ ቮልቴጁ 90 ሚሊቮልት ይወርዳል። የእኔ 1.30 ወደ 1.21 የወረደው በዚሁ ስሌት ነበር። ምክንያቱ ሥራው ድንገት ሲያበቃ ይታያል። ገመድ ሲጓተቱ አንዱ ወገን ድንገት ቢለቅ ሌላው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ በጥቅልሎቹ ውስጥ ሲሮጥ የነበረው ኤሌክትሪክም ፕሮሰሰሩ መሳቡን ሲተው በቅጽበት መቆም ስለማይችል ቮልቴጁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ግፊቱ 60 ሚሊቮልት ነው እንበል። ከ1.21 ቢነሳ 1.27 ላይ ያበቃል፤ ከ1.30 ቢነሳ ግን ከታዘዘው አልፎ 1.36 ይደርሳል። ይህን ከማወቄ በፊት ግን ሌላ ጥፋት ሠርቼ ነበር።

ባዮስ ውስጥ ሎድላይን ካሊብሬሽን የሚባል ምርጫ አለ፤ ሥራው መውረዱን መቀነስ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ደረጃ 1 አድርገው» አለኝ። በእርሱ ማዘርቦርድ 1 ኃይለኛው ነው፤ በእኔው ግን ደካማው ሆኖ ተገኘ። የቁጥሩ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፤ ስለዚህ ደረጃ በደረጃ እየቀየሩ በሥራ ላይ የሚታየውን ቮልቴጅ መጻፍ ይሻላል። እኔ ግን ይህን ትዕግሥት አጥቼ፣ ቮልቴጁን ወደ 1.30 መልሼ የመጨረሻውን ኃይለኛ ደረጃ መረጥኩ። በሥራ ላይ 1.33 አየሁ፤ ካዘዝኩትም በላይ! 8 ሰዓት የፈጀውን ፈተና ሳይንገዳገድ ጨረሰ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግሥቱ አንድ የታመቀ ፋይል ስከፍት የኮምፒውተሩን መውደቅ የሚያሳየው ሰማያዊ ስክሪን ፊቴ ላይ ተደቀነ።

ቀናት ፈጅቶብኝ ነው መንስኤው የታየኝ። ኮምፒውተሩ የሚወድቀው ሥራ ሲበዛበት ሳይሆን ሥራው ሲጀምርና ሲያቆም ነበር። ቮልቴጁን በግድ አንድ ቦታ ማቆም በእያንዳንዱ የሥራ ለውጥ ላይ ውጣ ውረዱን ያባብሰዋል። ይህ ውጣ ውረድ በማይክሮሰከንዶች የሚያልቅ ስለሆነ በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያነብ ፕሮግራም አያየውም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከሶኬቱ ጀርባ በመልቲሜትር ለካሁ፤ እርሱም አማካዩን ብቻ ነው የሚነግረው፤ ለዚህ የቮልቴጅን ቅጽበታዊ ለውጥ በመስመር ስሎ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሁን የምፈትነው በተከታታይ ጫና ብቻ ሳይሆን ጫናውን ደጋግሜ በመጀመርና በማቋረጥ ነው።

የመክፈቻና መዝጊያውን ድግግሞሽም ከ300 ወደ 500 ኪሎኸርዝ አሳድጌ ነበር። ለለውጥ የሚሰጠው ምላሽ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ትራንዚስተር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ኃይል ያባክናል፤ የመቆጣጠሪያው ሙቀት ከ78 ወደ 91 ዲግሪ ወጣ። መለስኩት። ሙቀቱ ያን ያህል የከፋው የአየር ማቀዝቀዣውን በውሃ ማቀዝቀዣ በመተካቴም ጭምር ነበር፤ ድሮ የፕሮሰሰሩ ፋን መቆጣጠሪያውንም ያናፍስለት ነበር። አንድ ትንሽ ፋን ወደዚያ አቅጣጫ ባዞር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ወረደ።

አሁን ፍጥነቱ 4.6 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሎድላይኑ መካከለኛ ደረጃ ላይ፣ የተጻፈው 1.29፣ በሥራ ላይ የሚታየው 1.24 ነው። የተውኩት 100 ሜጋኸርዝ ከመፈተኛው ፕሮግራም ውጤት በቀር የትም ቦታ ጎድሎ አላየሁትም።