ኪሎው ከወረደ በኋላ ያለው 14 ወር

ከ84 ወደ 73 ኪሎ ለመውረድ 9 ወር ፈጀብኝ። እዚያው አካባቢ ከቆየሁ ደግሞ 14 ወር አለፈኝ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። ስቀንስ ሰው ያያል፣ «ምን ተጠቅመሽ ነው?» ይላል፣ ሚዛኑም በየሳምንቱ ያበረታታኛል። ባለሁበት ስቆይ ግን የሚያየው የለም፣ ሥራው ግን በየቀኑ አለ። ለዚህ ነው ስለዚህኛው ክፍል መጻፍ የፈለግኩት።

ፒሲኦኤስ (የሴቶችን ሆርሞንና ወር አበባ የሚያዛባ ችግር) ያለብን ብዙዎቻችን ሰውነታችን ለኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ለሚያስገባው ሆርሞን፣ በደንብ አይታዘዝም። ስለዚህ ቆሽት አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪን (እንቁላል የሚወጣበትን የሴት አካል) ቴስቶስትሮን፣ የወንድ የሚባለውን ሆርሞን፣ ጨምሪ እያለ ይገፋፋል። ብጉሩም፣ አገጭ ላይ የሚበቅለው ፀጉርም፣ የሚዘለው ወር አበባም በአብዛኛው ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንኳን ብዙ ሴቶችን ይረዳል የሚባለው እውነት ነው፣ በራሴ አይቼዋለሁ። ድሮ በ60 ቀን አንዴ የሚመጣው ወር አበባዬ 78 ኪሎ ገደማ ስደርስ ወደ 38 ቀን ወረደ። አሁን ከ31 እስከ 34 ቀን ነው። ግን ፒሲኦኤሱ አልጠፋም፣ ኪሎው ከተመለሰ ምልክቱም ይመለሳል።

ይህን ያወቅኩት ተሳስቼ ነው። ከ73 በኋላ የነበሩትን 4 ወራት ልክ እየቀነስኩ እንደነበረው ጊዜ ነበር የምበላው። ትንሽ ቁርስ፣ ትንሽ ምሳ፣ ረጅም የእግር ጉዞ። ማታ ማታ ግን ረሃቡ አያስተኛኝም ነበር፣ ተነስቼ ዳቦ በዳቦ ላይ እበላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ለማካካስ ቁርስ እዘላለሁ፣ እንዲህ እያለ በ6 ሳምንት 3.5 ኪሎ ተመለሰብኝ። ወር አበባዬም 47 ቀን ቆየ። ጠንካራ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ ብዙ አለቀስኩ። አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ስታየኝ ነው የገባኝ። «አንቺ እኮ ዛሬም ለመቀነስ ነው የምትበዪው» አለችኝ። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ያንሳል፣ ጥጋብ የሚነግረው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይወርዳል፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ደግሞ ይጨምራል። ድክመት ያልኩት ነገር ለካ ሰውነቴ የወጣውን ለመመለስ እየታገለ ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ምግብ ጨመርኩ፣ በተለይ ቁርስ ላይ። እንቁላል ወይም እርጎ ወይም ጥራጥሬ የሌለበት ቁርስ አልበላም። ማታ የሚመጣው ረሃብ በ10 ቀን ውስጥ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፣ እኔ ራሴ አላመንኩም።

ሁለተኛው ክብደት ማንሳት ነው፣ እህቶቼ፣ ይህን ነገር ቀድሜ ጀምሬው ቢሆን እላለሁ። የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይወስዳል፣ ዋናው ችግራችን ደግሞ ኢንሱሊኑ በደንብ አለመሥራቱ ነው። በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ እሠራለሁ። ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽአፕ፣ በዳምቤል (በእጅ በሚያዝ ክብደት) የሚሠሩ 3 ዓይነት። ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። በ4 ኪሎ ዳምቤል ጀምሬ አሁን 8 ላይ ነኝ። ወንድ ያስመስላል የሚሉትን አትስሙ፣ ወገቤ 5 ሴንቲሜትር የቀነሰው ኪሎዬ ምንም ሳይቀንስ ነው። የእግር ጉዞውንም አልተውኩም፣ ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ እሄዳለሁ።

ሚዛን ላይ በየጠዋቱ እወጣለሁ፣ የማየው ግን የ7 ቀኑን አማካይ ብቻ ነው። ወር አበባ ሊመጣ ሲል እስከ 2 ኪሎ ይጨምርብኛል፣ ውሃ ነው፣ ይወርዳል። ድሮ በዚያ ሳምንት ነበር ተስፋ የምቆርጠው። አማካዩ ለ2 ሳምንት ከ75 በላይ ከቆየ ግን የምበላውን መጻፍ እጀምራለሁ። እስካሁን 3 ጊዜ ደርሶብኛል፣ ሦስቱንም ጊዜ በወር ውስጥ ተመልሻለሁ።

ሜትፎርሚን፣ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳውን መድኃኒት፣ ትወስጃለሽ ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ ሐኪም አዞልኝ። ከምግብ ጋር ስወስደው ሆዴን ማወኩ ተወኝ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊቀንስ ስለሚችል አስመርምሩ። ደግሞ ይህን አደራ፣ ወር አበባ ሲስተካከል እንቁላልም መውጣት ይጀምራል፣ ስለዚህ እርግዝና የማትፈልጉ ከሆነ «እኔ አላረግዝም» ብላችሁ አትዘናጉ።

እንቅልፍ ገና ያልፈታሁት ነገር ነው። ከ6 ሰዓት በታች የተኛሁ ቀን ጣፋጭ ያምረኛል፣ ማስታወሻዬ ላይ በግልጽ ይታያል። በዚህ ወር ስልኬን ከመኝታ ክፍል አውጥቼ እየሞከርኩ ነው። የዚህ ሳምንት አማካይ 73.6 ነው። ሰኞ ደግሞ ባለ 10 ኪሎውን ዳምቤል አነሳለሁ።