ካርድ ስናማርጥ ዋልን
ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ለኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ስናማርጥ ዋልን፣ ልቡ ኤንቪዲያ ላይ ነው ግን ዋጋውን እዩት፣ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋ ሜሞሪው በ2025 ሲወጣ 429 ዶላር፣ የኤኤምዲው አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ያው 16 ጊጋ ይዞ 349፣ ኢንቴል ደግሞ አርክ ቢ580ን በ12 ጊጋ 249 ብሎ መጣ። ሦስተኛ ተፎካካሪ መግባቱ በጣም ነው ደስ ያለኝ!

አደራ የምላችሁ ግን ሜሞሪውን እዩ፣ የኤንቪዲያውም የኤኤምዲውም በዛው ስም ባለ 8 ጊጋም አላቸው፣ ስሙን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል፣ አዳዲስ ጌሞች ላይ 8 ጊጋ ቶሎ ይሞላል።

ኬዙን ከፍተን በሜትር ለካን፣ ፓወር ሰፕላዩንም (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን) አየን፣ 9060ው 160 ዋት ስለሆነ ይችለዋል። ብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) የሚሠራ ቢሆን ኤንቪዲያ ግዛ እለው ነበር፣ ለጌም ግን የኤኤምዲውን ወስዶ በሚተርፈው 80 ዶላር ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) ይግዛበት ብዬዋለሁ።