ያ ሁሉ ቢጫ አደይ አይደለም

መስከረም ሲጠባ ስልካችን በቢጫ ሜዳ ፎቶ ይጥለቀለቃል። በሱሉልታ አድርጎ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ዳር መኪና ይቆማል፣ ሰው የሐበሻ ልብሱን ለብሶ አበባው መሃል ይገባል፣ ከዚያ "አደይ አበባ" ተብሎ ይለጠፋል። ደስ ይላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የማየው ሜጭ የሚባለውን ሌላ ባለ ቢጫ አበባ የዱር ተክል ነው።

አበባውን ተዉትና ቅጠሉን እዩ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የሜጭ ደግሞ ያልተከፈለ፣ ረዘም ያለ፣ ሲነኩት የሚሻክር፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። ቦታውም ይለያል፦ ክረምቱን ውሃ የሚተኛበት ረባዳ፣ ጫማ የሚያስቀር መረሬ አፈር፣ የቦይ ዳር ለሜጭ ይመቸዋል። (አደይም እርጥበት አይጠላም፣ ስለዚህ በቦታ ብቻ አትፍረዱ።)

ለገበሬው ሜጭ አረም ነው፤ ልክም ነው። በተለይ ኑግ ማሳ ውስጥ ከገባ አበባውም ዘሩም ስለሚመሳሰል ሳይለይ አብሮ ይታጨዳል፣ እንደ ተረቱ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል።

መመሳሰሉ ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ኑግና ሜጭ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም 30 ክሮሞሶም አላቸው፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ዘይቱን የምንበላው ኑግ እዚሁ ደጋችን ላይ ከዱር ሜጭ እየተመረጠ የመጣ ነው ይላሉ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር ለመያዝ ስለማይሆንለት ከሌላ ተክል ዱቄት የምታመጣለት ንብ ይፈልጋል፣ እሷም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞር አንዳንዴ ኑጉን ከሜጩ ታዳቅለዋለች። ኅዳር አካባቢ የሚቆረጠው የደጋ ማርም ቢሆን ከአደይ፣ ከሜጭና ከኑግ አበባ የተለቀመ ነው።

ስለዚህ ለእኔ ሜጭ የኑግ መጠባበቂያ ነው። ነገ ኑግን የሚያሻሽል ባለሙያ በሽታ የሚችል ወይም ውሃ የሚቋቋም ባሕርይ ቢፈልግ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ የዱር ዘመድ ነው። ማሳ ውስጥ ይታረም፣ ማንም አይከራከርም። እኔን የሚያናድደኝ ረባዳው ሁሉ እንደ ባዶ መሬት መታየቱ ነው፤ ሱሉልታን በቅርብ ያየ ሰው ያውቃል፣ ሜዳው በመጋዘንና በአጥር እየተሸነሸነ ነው፣ ዘሩን ወስዶ ሌላ ቦታ እንኳ ልዝራው የሚል ሰው አላየሁም።